አርባ ሦስት ሰው ሆኜ የተፈተንሁበት ሰሞን

የይሉኝታ መድኃኒት የሚሸጥ ፋርማሲ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። እኔን የያዘኝ የከፋው ዓይነት ነው። ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው እግሬን ሲረግጠኝ «ይቅርታ» የምለው እኔ ነኝ። በቀደም እዚህ ባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይ አንዲት ሴትዮ በሌላ ሰው ስም ጠርታ አገላብጣ ሳመችኝ። እንዳታፍር ብዬ ዝም አልሁ፤ እናቴ እንዴት እንደሆኑ ስትጠይቀኝም «ደህና ናቸው፤ ወገባቸውን ብቻ ትንሽ ያማቸዋል» አልኋት። የዚያ ሰውዬ እናት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ይህን ቀድሜ የነገርኋችሁ፣ የሚቀጥለውን ስትሰሙ «እንዴት አንድ ጤነኛ ሰው አርባ ሦስት ሆኖ ይፈተናል?» ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። ሳላስበው ሆንሁ። አንድ አንድ እያለ ነው አርባ ሦስት የሞላው።

የመሥሪያ ቤታችን ስም ይቆየን። ጣና ዳር፣ ውኃው ላይ ከበቀለው ደንገል ጀርባ ያለን ትንሽ ቅርንጫፍ ነን። አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ሠራተኛው እውቀቱን እርስ በርሱ የሚጋራበት፣ ከያለበት ሆኖ የሚማርበትና የሚፈተንበት የዲጂታል መድረክ መዘርጋቱን ያበሥራል። እያንዳንዱ ሰው በስልኩ ገብቶ አሥራ ሁለት ትምህርት ይወስዳል፤ በየትምህርቱ መጨረሻ ይፈተናል፤ በውይይት ገጹ ላይ ደግሞ የሚያውቀውን ለሌላው ያካፍላል። ለዚህም በየቅርንጫፉ አንድ ፎካል ፐርሰን ይመደብ ይላል። ፎካል ፐርሰን ማለት፣ ለማታውቁት፣ ማንም የማይፈልገው ሥራ ሲመጣ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ምርጫው የተካሄደው በስብሰባ ነበር። ከስብሰባው የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርሁ በሙሉ ድምፅ ተመረጥሁ።

እኔን ጨምሮ ለአርባ ሦስት ሰው አካውንት ከፈትሁ። የይለፍ ቃል ምረጡ ስላቸው ሁሉም የልጁን ስም መረጠ፤ ልጅ የሌለው ደግሞ ሊያወጣ ያሰበውን ስም መረጠ። በማግስቱ ሁሉም ረሳው። የልጁን ስም ማለቴ አይደለም፤ ከስሙ ኋላ የጨመረውን ቁጥር ነው የረሳው። በየቀኑ «ክፈትልኝ» ሲሉኝ ሰልችቶኝ የሁሉንም የይለፍ ቃል በአንድ ደብተር ላይ ጻፍሁት። የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው። የሰው ሁሉ ቁልፍ እጁ ላይ ያለ ሰው እንቢ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

መጀመሪያ የመጣችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ሦስት ቀን ቀርቷታል፤ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ ሁለት ሰው ይይዛታል። «አንተው ነካ ነካ አድርግልኝ» አለችኝ። ይህችን ሴት እንቢ የሚል ማን አለ? ቀጥሎ ሾፌሩ መጣ። እሱ መሪ እንጂ ስልክ እንደማይጨብጥ ነገረኝ። ከባሕር ዳር ጎንደር እስክንገባ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ሲነዳ አብሬው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ግን ያንን መናገር ነውር መሰለኝና ተፈተንሁለት። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሲሳይ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉና ቤተሰብ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። አለቃ በሩን ዘግቶ ስለ ቤተሰብ ከጠየቀ ነገር አለ ማለት ነው። ትምህርቱን ራሳቸው ጊዜ ሲያገኙ እንደሚማሩት፣ ለጊዜው ፈተናውን ብቻ እንዳልፍላቸው ነገሩኝ። አቶ ሲሳይ እንዲህ ማድረጋቸው ሲሰማ የቀረው ሠራተኛ ማስፈቀዱንም ተወው፤ «የኔንም አደራ» እያለ በኮሪደሩ ያልፋል።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ትምህርት አንብቤዋለሁ። ሁለተኛውንም ግማሽ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቹ ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ደረስሁበትና ማንበቤን ተውሁ። የመልሶቹን ፊደል ብቻ ያዝሁ። ሐ፣ ሀ፣ ሀ፣ መ፣ ለ። በባጃጅ ስሄድ በዜማ አደርገዋለሁ። አንድ ባለ ባጃጅ ሰምቶኝ በየትኛው ደብር እንደማገለግል ጠይቆኛል።

እዚህ ላይ ብልጠት መጣብኝ። አርባ ሦስት ሰው መቶ ከመቶ ቢያመጣ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ውጤት መደብሁ። ለአቶ ሲሳይ ዘጠና ስድስት ሰጠኋቸው፤ ለክፍል ኃላፊዎች ከዘጠና በታች፤ ለቀሪው እንደየጠባዩ። ሾፌሩን ሰባ አልሁት፤ አንድ ቀን ዝናብ ላይ ጥሎኝ ሄዷል። ለራሴ ሰማንያ ስምንት ሰጠሁ፤ ትሑት ነኝ። ሰውን እንደዚህ መመዘን እንዴት እንደሚጥም አልነግራችሁም።

የውይይት ገጹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሐሳብ መስጠት አለበት። ሁሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ። በአቶ ሲሳይ ስም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በሾፌሩ ስም «ከሥራ አስኪያጁ ጋር እስማማለሁ» እላለሁ። እንዲህ በጎ በጎውን ስንባባል ሰለቸኝና አንድ ከሰዓት በመጋዘን ኃላፊው ስም ገብቼ የአቶ ሲሳይን ሐሳብ አፈር ድሜ አስጋጥሁት። በአቶ ሲሳይ ስም መለስሁለት። እሱም አልበረደም። ክርክሩ እኔንም ስሜት ውስጥ ከተተኝ፤ በመጨረሻ ማን እንደረታ እንኳ አላስታውስም። ሪፖርቱ ታትሞ ሲመጣ አቶ ሲሳይ የመጋዘን ኃላፊውን ጠርተው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጡት። ሰውዬው ምን እንዳለ ሳያውቅ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እኔን ሲያየኝ «ምን ብዬ ነው ግን?» አለኝ። ነገርሁት። «እሱስ ልክ ብያለሁ» አለና ሄደ።

ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የቀሩት አያ ፈንቴ ነበሩ። አያ ፈንቴ የግቢያችን ጥበቃ ናቸው፤ የሊቦ፣ የይፋግ ሰው፤ አሁን ከባለቤታቸው ጋር ሹም አቦ ሰፈር ይኖራሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ለመምህርነት ሊያስመሰክሩ ጥቂት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱባቸውና ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርቱን ጥለው ወደ እርሻው ተመለሱ። ቢሮ ውስጥ «መሪጌታ» እያሉ የሚቀልዱባቸው አሉ። እሳቸው ግን ቀልዱን ቀልድ አያደርጉትም፤ «መሪጌታ አይደለሁም፤ አልጨረስሁም» ብለው ያርማሉ፤ በየቀኑ፣ ሳይሰለቻቸው።

እሳቸውን ስመዘግብ በሩ ድረስ ሄጄ ስማቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የሥራ ድርሻቸውን ጠይቄያቸው ነበር። በቅጹ መጨረሻ «በዚህ መድረክ ምን መማር ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሌላው ሰው «ሁሉንም» ብሎ የሚያልፈው ነው። አያ ፈንቴ አንገታቸውን ደፍተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «የጀመሩትን መጨረስ» አሉ። ጻፍሁት፤ ረሳሁት።

ፈተናቸውን የተፈተንሁት የመጨረሻው ቀን ላይ ነው። እጄ በዚያን ጊዜ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ይሄዳል። አሥራ ሁለቱንም ትምህርት በአንድ ምሳ ሰዓት ጨርሼ፣ ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ ዓሣዬን በላሁ። ለሳቸውም ሆን ብዬ ጥቂት መሳሳት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጥበቃን ማን ያያል ብዬም ይሆናል፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። አቶ ሲሳይ ግቢ ውስጥ ሰበሰቡንና አነበቡልን። ቅርንጫፋችን ከሁሉም ቅርንጫፎች አንደኛ ወጥቷል። ከዚህም በላይ በሁሉም ትምህርት መቶ ከመቶ በማምጣት ከመላው ሠራተኛ አንደኛ የወጡት የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ፈንቴ ናቸው። በመሆኑም ከሌላ ቅርንጫፍ የልምድ ልውውጥ ቡድን ይመጣል፤ አቶ ፈንቴም እንዴት እንደተማሩ በመድረክ ላይ ቀርበው ያስረዳሉ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ፈንቴ ብቻ አልዞሩም፤ ዓይናቸው አቶ ሲሳይ አፍ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ጭብጨባው ሲያልቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ፤ መልሰው ማድረጉን ረሱት።

ወደ አቶ ሲሳይ ሮጥሁ። ይሰረዝልን፣ እንግዶቹ ይቅሩ አልሁ። እሳቸው ጣጣውን ያመጣሁት እኔ እንደሆንሁ፣ የምጨርሰውም እኔ እንደሆንሁ ነገሩኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ። የሚጠይቁኝ ነገር እንዳስጨነቃቸው ፊታቸው ይናገራል። የሳቸውን ለምን ዘጠና ስድስት እንዳደረግሁት ጠየቁኝ።

በሩ ላይ አያ ፈንቴ ጠበቁኝ። «የዚያን ዕለት የመለስሁልህ መልስ ደህና ነበር ማለት ነዋ» አሉኝ። ያ የምዝገባ ጥያቄ ፈተናው መስሏቸዋል። እንዴት አይመስላቸውም? ሰው ጠየቃቸው፣ አስበው መለሱ፣ አለፉ። የሳቸው ትምህርት ቤት እንዲህ ነበር። አፌን ከፈትሁ። «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ወጣ።

ሦስት ቀን ቆይቼ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ መጣሁ። ያን ዕለት ግን ወንድማቸው ከይፋግ አንድ ጆንያ ሩዝ አስጭኖ ለደስታቸው መጥቶ ነበር። አያ ፈንቴ ከጆንያው በፌስታል ቆንጥረው «ስልኩን የያዝኸው አንተ ነህ፤ ድርሻህ ነው» ብለው ሰጡኝ። ሩዙን ቤቴ ወስጄ ቀቀልሁት። ጸጸት ጉሮሮ ይዘጋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ፤ የሊቦ ሩዝ ለጸጸት የሚመች አይደለም።

እሑድ ደግሞ ሹም አቦ ቤታቸው ድረስ ሄድሁ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር፤ ባለቤታቸው አስገቡኝ። እጅ አስታጥበው ምሳ አቀረቡልኝ። ስበላ ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ያኔ ባላቋርጥ ኖሮ› ሲለኝ ነው የኖረ። ደብዳቤው ከተነበበ ወዲህ አንድ ቀን አላለም» አሉኝ። ጉርሻዬን ዋጥሁ፤ አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዕንባዬ መጣ። ያንን ሰው ሕዝብ ፊት አቁሜ ላዋርደው ዘጠኝ ቀን ቀርቶኝ ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አጥሩ ጥግ አገኘኋቸው። በዚያ ሰዓት ከሐይቁ ጉማሬ ወጥቶ የግቢያችንን ሣር ስለሚግጥ፣ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት መንገዱን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደንገሉ ላይ ነበር፤ ለእኔም ያ ተመቸኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ደብተሩን፣ ፊደሎቹን፣ ዜማውን፣ የምሳ ሰዓቱን።

«እኔ የመለስሁት ታዲያ ምን ነበር?» አሉ።

«ምዝገባ ነበር፣ አያ ፈንቴ።»

ባርኔጣቸውን ትንሽ አስተካከሉ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ። ግን ጠባቸው ከእኔ ጋር አልነበረም። ሩዙን ያመጣውን ወንድማቸውን እንዴት ቀና ብለው እንደሚያዩ ጠየቁ፤ እኔን ሳይሆን ደንገሉን ነው የጠየቁት። ከዚያ «ስንት ቀን አለን?» አሉኝ። ስምንት አልኋቸው። «በል እንግዲህ፤ ነገ ትምህርቱን ይዘህ ና። ዓይኔ የስልክ ጽሑፍ አይለይም፤ አንተ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ መውጫ በፊት ጥበቃ ቤቷ ውስጥ እንቀመጣለን። ማስተማር የጀመርሁ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «እውቀት ሲጋሩት የሚበዛ ሀብት ነው» ይላል። አነበብሁላቸው። ደገሙት። ከዚያ «ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ያው እውቀት ሲጋሩት ይበዛል ማለት ነው አልሁ። «ቃሉን መልሰህ ነገርኸኝ እኮ። የጠየቅሁህ ትርጓሜውን ነው።» እሳቸው ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ፤ «ብነግርህ ከእኔ አይጎድልም፤ አንድ የነበረ አዋቂ ሁለት ይሆናል። አንድም፣ ስነግርህ እስከዚያ ያልገባኝ ይገባኛል፤ በኔም ላይ ይበዛል።» ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ቢሰማ ዐረፍተ ነገሩን የጻፈው ሰው ራሱ ይደነግጣል። እኔ ያንን ጥያቄ አርባ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ መልሱ «ለ» እንደሆነ ብቻ ነበር የማውቀው።

በሁለተኛው ቀን ስልኬን ስከፍት እጃቸውን ዘረጉና አስቆሙኝ። አዲስ ትምህርት የሚሰጠው የትናንቱ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በቃልህ በል አሉኝ። አልሞከርሁትም ነበር። ተነሥቼ እንድቆም አደረጉኝ። ቆምሁ። ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ሠራተኛው ወደ ባጃጅ ሲሄድ በመስኮቷ እያየኝ ያልፋል። ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣኝ። ሰባው ይበዛበታል።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ማታ ማጥናት ጀመርሁ። የሳቸውን ፊት ላለማየት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሳቸው ግን አንዴ የሰሙትን አይለቁም። እኔ «ደንበኛን በጥሞና ማዳመጥ» የሚለውን አራት ነጥብ ሳምታታ፣ እሳቸው አራቱን ነጥብ ብለው፣ አምስተኛ ከራሳቸው ጨምረው፣ በር ላይ መጥቶ ከሚጨቃጨቅ ባለ ጉዳይ ምሳሌ አምጥተው ይጨርሳሉ። ከአሥራ ሁለቱ ትምህርት አሥሩን ነው ማዳረስ የቻልነው። «አሥር አውቃለሁ፤ ሁለት አላውቅም» እያሉ ለራሳቸው ሲናገሩ እሰማለሁ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ በአውቶቡስ መጡ። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ኃላፊ ናቸው፤ ወፍራም ማስታወሻ ደብተር ይዘዋል። አዳራሹ ውስጥ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ ባነሩን ያሠራሁትም እኔ ነኝ። አቶ ሲሳይ ቅርንጫፉ ለመማማር ያለውን ባህል ለአርባ ደቂቃ አብራሩ። ከዚያ አያ ፈንቴ ተጠሩ። በዩኒፎርማቸው ላይ አዲስ ጋቢ ደርበው ነበር። ባለቤታቸው የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እጄ ላይ የነበረውን ውኃ ጠጣሁት፤ የጎረቤቴንም ጠጣሁት።

አያ ፈንቴ ማይኩን አልያዙም።

«እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ» አሉ። «ያ መቶ የኔ አይደለም። እኔ አልተፈተንሁም። ማን እንደተፈተነልኝ አትጠይቁኝ፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ትምህርቱን ግን ከዚያ ወዲህ ተምሬዋለሁ። ሁለቱን አልደረስሁባቸውም፤ አሥሩን ጠይቁኝ።»

ወይዘሮ ዘነቡ ጥያቄ ለመጠየቅ ደብተራቸውን ገለጡ፤ ባዶ ነው። ወደ ቡድናቸው ዞሩ። ቡድኑ ወደ ጣሪያው አየ። ቀስ ብሎ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ከትምህርቱ አንድ ጥያቄ ማውጣት የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። አያ ፈንቴ ግን ቆመዋል። ባለቤታቸው የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ይፈታሉ። እኔን ላለማጋለጥ ብለው እሳቸው ብቻቸውን እዚያ ቆመው እያየኋቸው መቀመጥ አቃተኝ። ይሉኝታ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ የያዘኝ ያኔ ነው።

ተነሣሁ። «የተፈተንሁት እኔ ነኝ። የሳቸውንም፣ የሁላችንንም።»

አቶ ሲሳይ ሳል ያዛቸው። ሾፌሩ ሰባው የዚያ የዝናቡ ቀን ዋጋ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁ። የሚቀጥለው የቡድኑ ቁጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ቀስ ብላ ተነሣች። የነሱ ፎካል ፐርሰን ናት። «እኔ ሰባ አንድ ሰው ነኝ» አለችና ተቀመጠች። ወዲያው እንደገና ተነሣች፤ ስለ ስጋት የሚናገረውን ትምህርት ሳታስበው አንብባው ስለነበር አቶ ፈንቴን አንድ ነገር ልጠይቅ ብላ አስፈቀደች። በሥራ ቦታ ስጋት ሲያጋጥም የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው?

አያ ፈንቴ አላመነቱም። «ከመንገዱ ዞር ማለት» አሉ።

የመድረኩ መልስ ለቅርብ ኃላፊ ማሳወቅ ነው አለች ሴትዮዋ፤ በአክብሮት ነው ያለችው። አያ ፈንቴም መልሱን እንደሚያውቁት፣ ግን እንዳልተቀበሉት ነገሯት። ከዚያ ወደ አቶ ሲሳይ ዞረው «ጌታዬ፣ ጉማሬው ሲወጣ እርስዎ ቤትዎ ገብተዋል» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀጣዩን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር። ወይዘሮ ዘነቡ ደብተራቸው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ጻፉ። አሻግሬ አየሁት፤ «ጉማሬ» ይላል።

ወሬው ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይደርስ አልቀረም። የሁሉም ሰው ውጤት ተሰረዘ። ከእንግዲህ ጥያቄዎቹ ቦታቸውን እየቀያየሩ እንደሚመጡ፣ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ተገኝቶ ሃያ ጥያቄ ያለው ማጠቃለያ ፈተና እንደሚፈተን ተገለጸ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ አቶ ሲሳይ ታዘዙ። ሥራ ስለበዛባቸው ደብዳቤውን እኔው እንዳረቅቀው ጠየቁኝ። እንቢ ማለት ከበደኝ። ጠንከር አድርጌ ጻፍሁት፤ «ደህና አድርገኸዋል» ብለው ፈረሙበት።

ለአዲሱ ፈተና ወር ተሰጠ። አርባ አንድ ሰው ሥራ በዛበት። መጀመሪያ የመጡት አያ ፈንቴ ናቸው። እስከዚያ የቀሩትን ሁለት ትምህርቶች አስነብበውኛል። እኔ ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ እሳቸው መልሱን ተናገሩ፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አራስ ልጇን ታቅፋ መጥታ በምስክርነት ተቀመጠች። ስለ ስጋት የሚለው ጥያቄ መጣ። አየኋቸው። የትኛው መልስ እንደሚፈለግ እንደሚያውቁ አውቃለሁ። «ዞር ማለት» አሉ። ነካሁት። ሲጨረስ ስልኩ ላይ አሥራ ሰባት ከሃያ የሚል ወጣ። በመቶ ሲሰላ ሰማንያ አምስት።

«የሳትሁትን አሳየኝ» አሉ።

ፈለግሁ። መድረኩ የሳቱትን አያሳይም። አንደኛው የጉማሬው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የሌሎቹን ሁለት ግን የትኞቹ እንደሆኑ የሚነግረን የለም። አያ ፈንቴ ይህን ማመን አቃታቸው። የሳተን ሳያቀና የሚያሰናብት ምን ዓይነት መምህር ነው አሉ። ዋናው መሥሪያ ቤትን እንድጠይቅላቸው አደራ አሉኝ፤ ጽፌ ልኬያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልመለሱም።

ከዚያ ትንሿን ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። መጀመሪያ ለባለቤታቸው ደወሉ። ቀጥሎ ይፋግ ደወሉ። የወንድማማች ጨዋታ ነው ብዬ ወጣ ልል ነበር፤ በእጃቸው ቁጭ በል አሉኝ። ሰላምታው ረዘመ። የከብቱ፣ የልጆቹ፣ የሩዙ ነገር ተጠየቀ። ድምፃቸው ከወትሮው አልተለወጠም።

«ያን ጊዜ መቶ ያልሁህ፣ መቶ አይደለም፤ ሰማንያ አምስት ነው» አሉት። ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ተባለ። «አዎ፣ ቀንሷል። ያ ግን የሰው ነበር፤ ይህኛው የኔ ነው።»

በማግስቱ እኔም ተፈተንሁ። ስንት እንዳመጣሁ ግን ለማንም አልደወልሁም።